ኳሷ ከሄደች በኋላ የሚደርስ ስሜት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። የእህቴን የሠርግ ዝግጅት ታሪክ በዚህ ክፍል እንደምጨርስላችሁ ተናግሬ ነበር፤ እሱን ግን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ያለ አንድ የፑል ስቲክ አለ፤ ስለ እሱ ሳልናገር ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ያለውን የፑል ቤት ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ስቲክ የሚጠግኑትን ጋሼንም ታውቋቸዋላችሁ። በዚያ ቤት ያሉት ስቲኮች ምን እንደሚመስሉ ደግሞ ከዚህ በፊት በሰፊው አውርተንበታል። ማንም ሰው ከመጫወቱ በፊት ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አንከባሎ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ «ጠማማዋ» የደረሰችው ሰው ዕጣው ነውና ይቀበላል። እጀታቸው በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነው። የጫፋቸው ቆዳ ሲያልቅ ጋሼ ከአሮጌ ጫማ ላይ ቆርጠው በኮላ ይለጥፉና ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉታል። ይህን የምለው ስቲኮቹን ለማቃለል አይደለም፤ እኔም ፑል የለመድኩት በእነሱው ነው።

ቅዳሜ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ለዕረፍት ከአሜሪካ የመጣው የሰፈራችን ልጅ ረዘም ያለ የቆዳ መያዣ በትከሻው አንግቶ ገባ፤ ከውስጡ ሁለት ቁራጭ አወጣና በመሐል ባለው ብሎን እያዞረ ገጣጠማቸው። አንድ ባለሙያ በልኩ የሠራለት ስቲክ ነው። ባለሙያው እንጨት ከመንካቱ በፊት ምን ያህል ክብደት እንደሚመቸው፣ እጀታው ምን ያህል እንዲወፍር እንደሚፈልግ፣ ሲመታ የኋላ እጁ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢያደላ የትኛውን እንደሚወድ ጠይቆታል። የፑል ስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱም ከ510 እስከ 600 ግራም ነው። ስለዚህ ልክ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በጥቂት አሥር ግራሞችና በሚሊ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ እጅ ግን ያንን ልዩነት ያውቀዋል።

ከእጀታው በላይ፣ ጥቁሩ የዞጲ እንጨት ከነጣው የሜፕል እንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ የጦር ጫፍ የሚመስሉ አራት ሹል ቅርጾች ወደ ላይ ይወጣሉ። በእያንዳንዳቸው ዙሪያ እንደ ወረቀት የሳሱ አረንጓዴና ቀይ የእንጨት ልባሶች ተደርበዋል። ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፍኩት፤ አንዱ እንጨት የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዓይኔ እያየ ጥፍሬ ሊለየው አልቻለም። አራቱም ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ ያበቃሉ፤ ሁሉም እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ልጁ እንዳስረዳኝ እንዲህ ያለው ቅርጽ በሚሽከረከር ክብ መቁረጫ እንጨቱ ላይ ተቦርቡሮ ከተሞላ ጫፉ በትንሹም ቢሆን ይዶለዱማል፤ መርፌ የሚሆነው በእንጨቱ ላይ ሰያፍ ቦይ ተቆርጦ ሌላው እንጨት በዚያ ውስጥ ሲጣበቅና ሁለቱ አንድ ላይ በቶርኖ ሲቀረጹ ነው። የቶርኖው ሥራ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጠናቀቅም። ትንሽ ይላጣል፤ ለሳምንታት ተሰቅሎ ይቆያል፤ እንጨቱ ሊጣመም የፈለገውን ያህል ከተጣመመ በኋላ እንደገና ትንሽ ይላጣል። ለእኔ ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ትዕግሥት ነው። ድንጋይና ብር የተከሉባቸውን ስቲኮች በፎቶ አይቻለሁ፤ ያምራሉ፤ ልቤ ግን ወደ መጋጠሚያው ያደላል።

ስለ መጋጠሚያ ካነሣሁ ጆርጅ ባላቡሽካን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1912 ሩሲያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ በኒው ዮርክ በእንጨት ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ስቲክ መሥራት የጀመረው ዕድሜው አርባዎቹን ከተሻገረ በኋላ ሲሆን እስከ ሞተበት እስከ 1975 ድረስ ሠርቷል፤ ዛሬ የእሱን ሥራ የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ይከፍሉበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ለብዙዎቹ ሥራዎቹ መነሻ ያደረገው ብራንስዊክ የተባለው ፋብሪካ ለፑል ቤቶች ያመርተው የነበረውን ቲትሊስት የሚባል ስቲክ መሆኑ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቆሞ ማንም እያነሣ የሚጫወትበትን ዓይነት ስቲክ ወስዶ፣ ለሁለት ቆርጦ፣ መጋጠሚያ አበጅቶ፣ እንደገና ቀርጾ፣ የአንድ ሰው አደረገው። ይህ ነገር ከሰሞኑ ሐሳቤ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ ምናልባትም ላይያያዝ ይችላል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ልጁ ስቲኩን መጀመሪያ የሰጠው ለእኔ ነበር። አንድ ኳስ መታሁ። የቤቱን ስቲክ ስትመቱ እጃችሁ ላይ የሚቀረውን ያንን ሸካራ ንዝረት ታውቁታላችሁ፤ እሱ አልነበረም። አጭርና ደረቅ ድምፅ ተሰማኝ፤ መዳፌ ላይም አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ የተወ ነገር ደረሰኝ። ከዚያ ልጁ «ጋሼ፣ እርስዎም ይሞክሩት» ብሎ ሰጣቸው።

ጋሼ መጀመሪያ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ስቲኩን ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ አላንከባለሉትም፤ ይህን አስተውያለሁ፤ ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ ያንከባልላል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከእጀታው በኩል እስከ ጫፉ ድረስ አዩት። በሁለት ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ ፈለጉ፤ አገኙትም። ቀጥሎ ቀጭኑን ክፍል ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በመዳፋቸው ጠርዝ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ፤ ግራ እጃቸውን ምንጣፉ ላይ አሳርፈው ስቲኩን በጣታቸው መሐል ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላለሱት። ነጯ ኳስ ፊታቸው ናት፤ የምትገባው ኳስ ከጉድጓዱ አፍ ስንዝር የማትርቅ ነበረች። አመላለሱት፣ አመላለሱት፣ ቀና አሉ። ሳይመቱ ስቲኩን ለልጁ መለሱለት።

«ጥሩ እንጨት ነው» አሉ።

«ይምቱ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

«ነገ ይሄዳል አይደል?» አሉኝ፤ ጫፍ ሊለጥፉለት ወደጀመሩት ስቲክ ተመለሱም።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማስበው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ የሚሄድን ነገር ጣዕም ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል ማለታቸው ነው የሚል ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ነገሩ የሙያ ነው አልኩ። ኳስን ከመሐሏ ወደ ጎን አድርገን ስንመታት ነጯ ኳስ ካነጣጠርንበት መስመር ጥቂት ወደ ተቃራኒው ታፈነግጣለች፤ የስቲኩ ጫፍ አካባቢ ክብደት በቀነሰ ቁጥር ማፈንገጡም ይቀንሳል። የጋሼ ዓይን ለብዙ ዓመታት ከቤቱ ወፍራም ስቲኮች ማፈንገጥ ጋር ተስማምቶ ኖሯል፤ ሌላ ስቲክ ያንን ስምምነት ሊያናጋባቸው ይችላል። ይህም ግን አላሳመነኝም፤ ፊታቸው የነበረችው ኳስ ቀጥታ የምትመታ ነበረችና።

ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ እንዴት እንደምገልጸው ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የስቲኩ ቆዳ ኳሷን ነክቶ የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ንዝረቱ በእንጨቱ ተጉዞ እጃችን ደርሶ፣ አእምሯችን እስኪያውቀው ድረስ ኳሷ ሄዳለች። እኛ «አመታቱ ደስ ይላል» የምንለው ስሜት እንግዲህ የሚደርሰን ምንም መለወጥ በማንችልበት ጊዜ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ትዕግሥት፣ ያ ሁሉ ልኬት የተደከመበት ለምንድን ነው? ከመምታታችን በፊት ላለው ጊዜ ነው ልል እችላለሁ፤ ክብደቱ፣ ሚዛኑ፣ በእጀታው ላይ የተጠቀለለው የተልባ ክር ክንዳችን እንዴት እንደሚሄድ ይወስናሉ። እንደዚያ ከሆነ ጋሼ ከስቲኩ የሚገኘውን ዋናውን ነገር ሁሉ ወስደዋል፤ የተዉት ኋላ የሚደርሰውን ወሬ ብቻ ነው። እኔ መትቼ ያገኘሁት እሳቸው ሳይመቱ ካገኙት ይበልጣል ብዬ መከራከር አልችልም። ሆኖም ያ ኋላ የሚደርሰው ወሬ አይደለም ወይ ለሚቀጥለው ምት የሚያስተምረን? ባይደርሰን ኖሮ ማን ይሻሻል ነበር?

አይ፣ ይህን ያህል ማራቀቄም ልክ ላይሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር ከሐሳቡ ሁሉ በታች ያለው ነገር ቁጣ ነው፤ በማንም ላይ ያልሆነ ቁጣ። ጋሼ ለስንት ሰው ስቲክ ጠግነዋል፤ ስንቱን ልጅ እጁን ይዘው አስተምረዋል። እርስዎስ ምን ያህል ክብደት ይመችዎታል፣ የኋላ እጅዎ የት ያርፋል ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። የሚያውቁትን ልክ ሁሉ በውስጣቸው ይዘው በሰው ሁሉ ስቲክ ይጫወታሉ።

ሰኞ ዕለት ለጋሼ በልካቸው ስቲክ ማሠራት አስቤ መናኸሪያ አካባቢ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለ ቶርኖው የሚሠራው የአልጋና የጠረጴዛ እግር ነው፤ ሐሳቤን ግን በጥሞና አዳመጠኝ። ዋንዛ ለቶርኖ ገር ነው፣ ግን ለዚህ ይቀልብሃል አለኝ፤ ወይራ ደግሞ ጠንካራና ከባድ ነው፣ ሲላጥ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፣ ነገር ግን በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። ከተቆራረጠ ወይራ አንዱን አንሥቶ ሰጠኝ፤ ስሸተው እናቴ የወተቱን ዕቃ የምታጥንበት ሽታ መጣብኝ፤ ለረጅም ጊዜ ሳላወርደው ቆየሁ። ከእጀታው በኩል ወይራ ሆኖ ከፊት በኩል ያለው ቀጭኑ ክፍል ከሌላ ጥሩ ስቲክ ላይ ቢወሰድስ ብዬ ጠየቅኩት፤ ባላቡሽካ በሐሳቤ ነበረ። ይቻላል አለኝ፤ መጋጠሚያውን ብሎን መሐል ለመሐል ማስገባት ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ በፀጉር ያህል ከሳተ ስቲኩ ተገጣጥሞ ቀጥ አይልም አለ። የሐይቅ ዳር አየር በክረምት እርጥበት ስለሚሞላው እንጨቱ ቢያንስ አንድ ክረምት ከነበጋው ቤት ውስጥ አሳልፎ ቢታይ ይሻላልም አለኝ።

የእንጨቱን ነገር እንግዲህ መጠበቅ ይቻላል። የቸገረኝ ልኩ ነው። ጋሼን ሄጄ ብጠይቃቸው ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል፤ አያስፈልግም ይሉኛል፣ ወይም ደግሞ ቤቱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ያቆሙትና ማንም ያነሣዋል። ሳልጠይቅ በዓይኔ ብለካ ደግሞ ለእሳቸው የተሠራ ሊባል አይችልም፤ የነገሩ ቁም ነገር እኮ መጠየቁ ነው። ታናሽ ወንድሜ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት ጋሼ ስቲኩን በሁለት ጣታቸው ላይ ሲያጋድሙት የት ላይ እንደቆመ አይቻለሁ፣ ከዚያ መነሣት ይቻላል ይላል። እኔ ግን እዚያ ላይ የቆመው የልጁ ሚዛን ነው እላለሁ፤ የጋሼ ምናልባት ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ይሆናል፣ እሳቸው እጀታውን ከጫፉ በኩል ስለሚይዙ፤ ወይም ደግሞ ወደዚያ የሚይዙት የቤቱ ስቲኮች ስላስገደዷቸው ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ የትኛውን ልክ ነው የምጠይቃቸው…