የለቅሶ መዝገባችን አንድ ነገር ይጎድለዋል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ነፍስ ይማር።

የሂሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ያቀርበዋል። እኔ ስለ ለቅሶ መዝገባችን ላውራ። ሰሞኑን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የተከፈለው ገንዘብ አለ። ሰውየው በምን እንደሞተ ግን የለም።

የዓለም ባንክ አገሮችን በነፍስ ወከፍ ገቢ በ4 ይመድባል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በየምድቡ ሰው በምን እንደሚሞት ያያል። በ2019 እ.ኤ.አ. አሃዝ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ብዙ ሰው የሞተው ገና ሲወለድ በሚያጋጥም ችግር ነው። ከ10ሩ ዋና ገዳዮች 6ቱ ይኸው የጨቅላ ሞትና እንደ ሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባና ቲቢ ያሉ ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ሀብታሞቹ ጋ የመጀመሪያዎቹ 3ቱ የልብ ሕመም፣ የመርሳት በሽታና ስትሮክ ናቸው። ግብፅ የተወለደው የሕዝብ ጤና ተመራማሪ አብደል ዑምራን አገር ሲያድግ ሞት ከወረርሽኝና ከረሃብ ወደ እንደዚህ ዓይነቱ ሕመም እንደሚዞር በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር።

ታዲያ እኛ እዚህ ኮተቤ ዳር ያለነው የትኛው ምድብ ውስጥ ነን? ኢትዮጵያ ለዓመታት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ተርታ ስትመደብ ኖራለች። በኛ ድንኳን ስር ግን ሁለቱም ሞት ይለቀሳል። በአንድ ሳምንት የአራስ ልጅ ቀብረን፣ በስኳር እግሩን ያጣ አባት ቀብረናል።

ያ ክፉ ዘመን ትዝ ይላችኋል። ኤድስ ወጣቶቻችንን ሲጨርስ ጡሩምባ የማይነፋበት ሳምንት አልነበረም። ያኔም ስሙን አልጻፍንም፤ «ሳንባ ነው» እያልን አለፍን። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነው ትንፋሽ ያገኘነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መቃብር ቦታዎች የሞት ምዝገባ ያስጀመረው በነዚያ ዓመታት ነበር። ከዚያ የተገኘው መረጃ እንዳሳየው ያኔ ከተማችን ውስጥ ከሞተው ግማሽ ያህሉን የወሰዱት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ነበሩ።

ይህ በቤቴም ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ ደም ብዛት እንዳለበት ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነው። ለዓመታት ራስ ምታት ነው እያልን ሻይ አፍልተን እንሰጠው ነበር። አንድም ቀን አልተለካም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጉባኤውን የምጠይቀው ይህን ነው። ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ መዝገባችን ላይ የሞቱ ምክንያት ይጻፍ። የማይፈልግ አይገደድ። ደግሞም ለድንኳንና ለሳጥን እንደምናወጣው ሁሉ ከካዝናችን ለደም ግፊት መለኪያ እናውጣ። በየወሩ መዋጮ ስንከፍል እግረ መንገዳችንን እንለካ። ወጪው ብዙ አይደለም።

ነርሷ አባላችን ለዛሬ የራሷን መለኪያ ይዛ መጥታለች። ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። መጀመሪያ እኔ እለካለሁ፤ እናንተም ሳትለኩ አትሂዱ። አሁን ወደ ድምፅ መስጠቱ እንግባ።