የገናን ዜማ በአራት ትሮምቦን መቅረጽ፦ ከሐዋሳ የተደረገ የፖድካስት ውይይት

ሀ፦ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ወሬያችን የገናን ዜማ በትሮምቦን፣ ማለትም ቱቦው እየተሳበ በሚነፋው የነሐስ መሣሪያ፣ ቡድን መቅረጽ ነው፤ ሦስት ቴነር (መካከለኛ ድምፅ)፣ አንድ ባስ (ወፍራም ድምፅ)። መጀመሪያ ቀኑን እንቁረጥ። ገና ታኅሣሥ 29 ከሆነ ቀረጻው ኅዳር ውስጥ ማለቅ አለበት።

ለ፦ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ግድ ነው። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከዋዜማው ጀምሮ መሃል ከተማው በምእመን ይሞላል፣ ድምፅ ማጉያም አለ። በዚያ ሰሞን እዚያ አካባቢ አዳራሽ አትያዙ። ሐይቅ ዳርም ቢሆን ጠዋት ወፎቹ ፋታ አይሰጡም። እኔ የምመርጠው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለውን ነው፤ ባጃጁም ይቀንሳል።

ሀ፦ ምሽት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙቀቱ እንደ ጠዋትና ቀትር ቶሎ አይለዋወጥም። አየር ሲሞቅ ድምፅ በቱቦው ውስጥ ይፈጥናል፣ ቃናውም ይወጣል። በ1 ዲግሪ ወደ 3 ሴንት ነው፤ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ። ጠዋት ተጀምሮ 8 ዲግሪ ሲጨምር የተቀጠለ ዜማ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ሊርቅ ይችላል። ትንፋሽ ራሱ ቱቦውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ሁለቱን ስትቀጥዪ ይሰማል።

ለ፦ ስለዚህ 40 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ፣ መንፋት፣ መሣሪያው ከሞቀ በኋላ በ440 ኸርዝ፣ በተለመደው የ«ኤ» ድምፅ ልክ፣ መቃኘት። ከእያንዳንዱ እረፍት በኋላም እንደገና።

ሀ፦ አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚያከራክረው እንምጣ። አንዳንዱ እያንዳንዱን ነፊ ለብቻው ቀርጾ በኮምፒውተር ማደራረብ ይፈልጋል።

ለ፦ እኔ አልስማማም። ትሮምቦን ስላይድ፣ ማለትም የሚሳብ ቱቦ፣ ያለው ለዚህ ነው እኮ! ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ውስጥ ሦስተኛው ድምፅ ንጹሕ የሚሆነው ቱነር፣ የቃና መለኪያው፣ ከሚያሳየው ወደ 14 ሴንት ሲወርድ ነው። አጠገቡ ያሉትን የሚሰማ ነፊ ክንዱን ትንሽ ገፋ አድርጎ ያወርደዋል። ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ የሚነፋው ግን ቱነሩን ይከተላል፤ ሲደራረብ ኮርዱ ይንቀጠቀጣል። ያንን በኋላ ማቃናት አይቻልም ባልልም፣ የነሐሱን ጠባይ ይገድለዋል። ደግሞ የአንቺሆዬን ቅኝት አስበው፤ በኪቦርድ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉት። አራቱ አብረው ካልተደማመጡ እያንዳንዱ የራሱን አንቺሆዬ ይዞ ይመጣል።

ሀ፦ ልክ ነሽ። የዜማው መነሻም ቁም ነገር ነው። ቴነር ትሮምቦን ቢ ፍላት ነው፤ የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ከቢ ፍላት ብናስነሳ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ይሆናል። በመካከለኛው ድምፅ እጅ፣ ስላይዱ ካሉት ሰባት የመሳቢያ ቦታዎች፣ ከ3ኛው አያልፍም። ጂ ላይ ብቻ 2ኛውን ቦታ ትንሽ ወደ ውስጥ መሳብ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ቃናው ይወርዳል። «ለዘማሪዎቹ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይበል» ከተባለ ግን መነሻው ቢ ይሆናል፤ ቫልቭ (ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት ቁልፍ) በሌለው ትሮምቦን ታችኛው ቢ 7ኛው ቦታ ላይ ነው፣ ክንድ እስኪያልቅ። ፈጠን ያለው ዜማ ይንሸራተታል።

ለ፦ አውጪና ተቀባይ ያለው ዜማ ላይ አንደኛው ትሮምቦን ያውጣ፣ ሦስቱ ይቀበሉ። ሦስቱ በአንድ ላይ አይተንፍሱ፤ ቦታውን በእርሳስ ተከፋፈሉት። የተያያዘው ሐረግ ምላስ ላይ «ዱ» ይሁን። «ቱ» ከሆነ ይቆራረጣል።

ሀ፦ ክፍሉስ? ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ «ትርርር» ብሎ ከተመለሰ ፊት ለፊት ከሚተያዩት ግድግዳዎች አንዱ ላይ ቡልኮ ስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ።

ለ፦ ቡልኮ ግን ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚውጠው። ወፍራሙ ካጉረመረመ ባስ ትሮምቦኑን ከክፍሉ ማዕዘን አውጡት።

ሀ፦ አራቱ በግማሽ ክብ ይቁሙ። ሁለት ኮንደንሰር (ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ) ማይክ፣ ጫፎቻቸው በ17 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ በ110 ዲግሪ ተከፍተው፣ ከነፊዎቹ 2 ሜትር ተኩል ያህል ርቀው፣ ከራስ ትንሽ ከፍ ብለው። የትሮምቦን አፍ በቀጥታ ማይኩን አይይ፤ ስለታሙ ድምፅ እንደ ጨረር በፊት ለፊት ይወጣል። ወደ 30 ዲግሪ ዞር ይበል።

ለ፦ የኖታ ማስቀመጫውንም ዝቅ አድርጉት፤ አፉ ላይ ከተደቀነ ድምፁን ይከልላል። የቅጂው ድምፅ ልኬት በመጨረሻው፣ በጣም በሚጮኸው ኮርድ ይሁን፤ ጫፉ መቅረጫው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይቁም፣ በ24 ቢት። ለስላሳው መግቢያ ላይ ተለክቶ መጨረሻው የተሰነጠቀ ቅጂ አይድንም።

ሀ፦ ከበሮ ካለ ከነፊዎቹ ጀርባ 4 ሜትር ይራቅ፣ በመዳፍ ይመታ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አታስነሱ፤ ጉርምርምታው ቅጂው ውስጥ ይቀራል። በባትሪ የሚሠራ መቅረጫና ሁለተኛ ዙር ባትሪ ያዙ።

ለ፦ ውኃውስ! የትንፋሽ እርጥበት ስላይዱ ውስጥ ሲጠራቀም ረጅሙ ድምፅ ይንቦጨቦጫል። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት አራቱም ያፍስሱ፤ ከእግራቸው ሥር ጨርቅ ይነጠፍ።

ሀ፦ በ3 ሰዓት ከ4 ዜማ በላይ አታቅዱ፤ ከንፈር ይደክማል። ከፍ ያለውን ዜማ ሁለተኛ አድርጉት፣ በየ40 ደቂቃው 10 ደቂቃ እረፍት። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያ የተበላሸውን ሐረግ ብቻ፣ ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ።

ለ፦ ከመበተናችሁ በፊት ደግሞ ሁሉም ባለበት ቆሞ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅረጹ። ሁለት ቅጂ ስትቀጥሉ መሃሉን የምትሞሉት በዚያው ክፍል ዝምታ ነው።