የድሉ ማግስት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ! እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ጥያቄ አለና ከእናንተ ጋር ላውጣው ላውርደው ብዬ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብረው ተዋግተው አብረው ያሸነፉ ሁለት ኃያላን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንዴት ሆድና ጀርባ ይሆናሉ? ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ኤፕሪል 25 ቀን 1945 ከምሥራቅ የገሰገሰው የሶቪየት ጦርና ከምዕራብ የገሰገሰው የአሜሪካ ጦር ጀርመን ውስጥ፣ ቶርጋው በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ኤልበ ወንዝ ላይ ተገናኙ። ወታደሮቹ ተቃቀፉ፤ አብረው ጠጡ፤ ዘፈኑም። በፈረሰው ድልድይ ላይ እጅ ሲዘረጋጉ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አብዛኞቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ፎቶግራፉ የተነሳው ግን በማግስቱ ነው፤ ለካሜራ ተብሎ፣ ወታደሮቹ ተሰልፈውና ቦታ ቦታቸውን ይዘው። ደስታው የውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ ፎቶግራፍ እስከ 1947 ማርች፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ግሪክንና ቱርክን ከኮሙኒዝም ለመከላከል 400 ሚሊዮን ዶላር ይፈቀድልኝ ብለው በምክር ቤቱ ፊት እስከቆሙበት ቀን ድረስ ግን ሃያ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ አጭር ነበር፦ አንዱ ካፒታሊስት፣ ሌላው ኮሙኒስት፤ እሳትና ጭድ። ይህ መልስ አያረካኝም። በ1941 አብረው ሲሰለፉም እኮ አንዱ ካፒታሊስት፣ ሌላው ኮሙኒስት ነበሩ። ጅብ መንደሩን ሲያስጨንቅ ባላንጣ ጎረቤታሞች ጦራቸውን ይዘው አብረው ያድራሉ፤ ጅቡ ከተገደለ በኋላ ነው የቆየው የድንበር ክርክር የሚነሳው። በእኔ እምነት ነገሩን ያከረረው ርዕዮተ ዓለሙ ብቻ ሳይሆን ጦርነቱ ሲቆም የእያንዳንዱ ሠራዊት እግር የቆመበት ቦታ ነው።

የዩጎዝላቪያው ፖለቲከኛ ሚሎቫን ጂላስ የሶቪየቱ መሪ ስታሊን በ1945 የነገሩትን ጽፎታል፦ ይህ ጦርነት እንደ ቀደሙት አይደለም፤ መሬት የያዘ ሁሉ የራሱን ሥርዓት ይተክላል፣ ሠራዊቱ እስከደረሰበት ድረስ። ጭካኔ የተሞላበት አነጋገር ነው። ከአነጋገሩ ጀርባ ግን ወደ 27 ሚሊዮን የሚጠጋ የሶቪየት ሕዝብ ሬሳ አለ። አሜሪካ በዚያ ጦርነት ያጣችው ወደ 400 ሺህ ሰው ነው። የአጋሮቹ መሪዎች በፌብሩዋሪ 1945 በተሰበሰቡበት በያልታው ጉባኤ ላይ ስታሊን ስለ ፖላንድ ሲከራከሩ፣ ጠላት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህች አገር በኩል አልፎ መጥቶብናል አሉ። ውሸት አልነበረም። ውሸት የሆነው ሌላው ነው፤ በዚያው ጉባኤ ለፖላንዳውያን ነፃ ምርጫ ተብሎ ቃል የተገባው፣ በ1947 ጃንዋሪ በተጭበረበረ ድምፅ ተጠናቀቀ። የሞስኮን ስጋት መረዳት አንድ ነገር ነው፤ የስጋቱን ዋጋ ፖላንዳውያን ይክፈሉ ማለት ግን ሌላ።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ አቶሚክ ቦምቡ አለ። ጁላይ 24 ቀን 1945፣ በጀርመኗ ከተማ ፖትስዳም የአጋሮቹ መሪዎች ተሰብስበው የዕለቱ ስብሰባ ሲያበቃ፣ ትሩማን የራሳቸውን አስተርጓሚ ሳይጠሩ ጠረጴዛውን ዞረው ወደ ስታሊን ሄዱ። እንደ ተራ ወሬ አድርገውም ያልተለመደ የማውደም ኃይል ያለው አዲስ መሣሪያ አለን አሏቸው። ስታሊን ፊታቸው ሳይለወጥ በጃፓን ላይ በደንብ እንደምትጠቀሙበት ተስፋ አደርጋለሁ ብለው ዝም አሉ። ትሩማን የነገሩ ክብደት አልገባቸውም ብለው አሰቡ። ስታሊን ግን ነገሩን በሰላዮቻቸው በኩል አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ከሰላዮቹ አንዱ በቦምቡ ሥራ ውስጥ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ፉክስ ነው። እስቲ ሁለቱን ሰዎች ተመልከቷቸው! አጋሮች ናቸው፤ ጃፓን ገና እጅ አልሰጠችም፤ አንዱ ምስጢሩን ግማሹን ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ሁሉን እያወቀ የማያውቅ ይመስላል።

ይበልጥ የሚገርመኝ የሁለቱ ቴሌግራሞች ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1946፣ ሞስኮ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ። አምባሳደሩ የሉም፤ ኃላፊነቱን የያዘው ጆርጅ ኬናን የሚባል ዲፕሎማት ነው፤ እሱም ታሞ ተኝቷል። ከዋሽንግተን ሶቪየቶች የዓለም ባንክና የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አባል ለመሆን ለምን እምቢ አሉ የሚል ዓይነት ጥያቄ ይመጣለታል። ስለ ባንክ ለተጠየቀ ጥያቄ፣ ኬናን ከአልጋው ሆኖ በሺዎች በሚቆጠሩ ቃላት ስለ መላው የሩሲያ ታሪክና ስለ ክሬምሊን ፍርሃት ለጸሐፊው እየተናገረ ያስጽፋል፤ መልእክቱ በአምስት ክፍል ተከፍሎ ይላካል። ፍሬ ነገሩ፣ እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር ዘላቂ መግባባት ይኖራል ብለው አያምኑም፣ በምክንያት አይመለሱም፣ ጉልበት ሲያዩ ግን ይመለሳሉ የሚል ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ያላነበበው ባለሥልጣን አልነበረም ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዋሽንግተን ያለው የሶቪየት አምባሳደር ኒኮላይ ኖቪኮቭ በበኩሉ ለሞስኮ ጻፈ። አሜሪካ ዓለምን ለመግዛት ቆርጣ ተነስታለች፤ ይኸው የጦር ሰፈሯ ከአገሯ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በየውቅያኖሱ ተተክሏል፤ የምትዘጋጀውም እኛን ለመውጋት ነው አለ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሎቶቭ አለቃው ብቻ ሳይሆኑ ሐሳቡንም የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ኖቪኮቭ የጻፈው አለቃው መስማት የሚፈልጉትን ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳነባቸው፣ የአገሮቹን ስም ብትቀያይሩ ብዙ ቦታ ላይ ማን ስለ ማን እንደጻፈ መለየት ያስቸግራል። የእኔ ጦር መከላከያ ነው፤ የእሱ ጦር ወረራ ነው። ኬናን ከኖቪኮቭ የተሻለ አስተዋይ ጸሐፊ ነበር፤ ይህን አልክድም። የሁለቱ ጽሑፎች ውጤት ግን አንድ ሆነ፤ በየመዲናው የነበረው ጥርጣሬ ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ።

አሁን ወደ ኮሪያ ልውሰዳችሁ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ቤታችን የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። በኦገስት 1945፣ ከ10 ወደ 11 በሚያሻግረው ሌሊት፣ ዲን ራስክና ቻርልስ ቦንስቲል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መኮንኖች ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ክፍል ገብተው፣ የጃፓንን ጦር ትጥቅ ሶቪየቶች እስከ የት፣ አሜሪካኖች ከየት ጀምረው እንደሚያስፈቱ ወሰን እንዲያበጁ ታዘዙ። የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። የያዙት ካርታ የናሽናል ጂኦግራፊክ ነበር። ሴኡል በእኛ በኩል ትቅር ብለው 38ኛው ትይዩ የሚባለውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ኮሪያዊ አልተጠየቀም። ስታሊንም ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ተራራው የት እንዳለ፣ ወንዙ በየት እንደሚያልፍ፣ የማን ቤተሰብ ከየትኛው ወገን እንደሚቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ መስመሩ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው ተብሎ ነዋ!

እኛ ሰፈር፣ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት በላከችው ቃኘው ሻለቃ ውስጥ የተዋጉ አንድ አባት ነበሩ፤ ኮሪያ አባባ ነበር የምንላቸው። ሜዳሊያቸውን የሚያደርጉት ለበዓል ብቻ ነው። ለምን ዘመታችሁ ብዬ በልጅነቴ ስጠይቃቸው ስለ ኮሙኒዝምም ስለ ዓለም ሰላምም አላወሩልኝም። የነገሩኝ ስለ ብርዱ ነው፤ ጠመንጃው በባዶ እጅ ሲነካ ቆዳ ይዞ እንደሚቀር። ቀን የያዙትን ኮረብታ ሌሊት እንዴት እንደጠበቁት፣ የወደቀ ጓዳቸውንም ጥለው እንዳልተመለሱ ነገሩኝ። ከቃኘው ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው አገር ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አልነበረም ይባላል፣ ይህንንም አባባ በኩራት ነበር የሚያነሱት። ያ ኮረብታ ግማሽ ሰዓት በፈጀ ሥራ በካርታ ላይ ከተሰመረው መስመር ብዙም የማይርቅ እንደነበር ያወቅሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው።

እኛ ደግሞ ዝም ብለን የተጎተትን አይደለንም። ከትሩማን በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከያልታ ሲመለሱ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን በስዊዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። ንጉሡ ያነሱት የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ ነበር። ማን ባለ ጊዜ እንደሚሆን ከብዙዎች ቀድመው አይተዋል። በ1953 ሜይ የተፈረመው ውል አሥመራ ላይ የነበረውን ቃኘው ስቴሽን ለ25 ዓመት ለአሜሪካኖች ሰጠ፤ የደጋው ከፍታ ለሬዲዮ ጠለፋ የተመቸ ነበርና። ሻለቃውም ጣቢያውም የተጠሩት በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። ጣቢያው በ1977 ሲዘጋ ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ አዙሮ ነበር፤ የዚያ ታሪክ ግን ለብቻው አንድ ሙሉ ክፍል ይፈልጋል።

ፖትስዳም ላይ የጀርመን የሰላም ውል ወደፊት ይዘጋጃል ተብሎ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ተመርቶ ነበር። ጀርመንን የሚመለከተው የመጨረሻ ውል የተፈረመው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1990 ነው፤ ቦታውም ሞስኮ። ኮሪያ ላይ ደግሞ በ1953 ጁላይ የተኩስ አቁም ብቻ ተፈረመ፤ የሰላም ውል እስከ ዛሬ የለም።

በሚቀጥለው ክፍል በርሊን እንገባለን፤ መንገዱም ባቡሩም ከተዘጋ በኋላ ከተማዋ ክረምቱን በአውሮፕላን በመጣ የድንጋይ ከሰል እንዴት እንዳሳለፈች እናያለን። በዘመድ ወይም በጎረቤት በኩል የሰማችሁት የኮሪያ ዘማቾች ወግ ካለ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ አሰማዋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።