ሬሳው ተሸጠ ወይስ ተመለሰ?

እሺ... ባለፈው ስለ ትሮይ ፈረስ እንቀጥላለን ብዬ ነበር። አንቀጥልም። ፈረሱ ትንሽ ይቁም፤ የእንጨት ስለሆነ ገብስ አምጡ አይልም።

አንዲት የላቲን ግስ ናት ዛሬ እዚህ ያስቀመጠችኝ። ቬንዴባት። «ይሸጥ ነበር»። የሮማዊው ገጣሚ የቨርጂል ኤኔይድ፣ መጽሐፍ 1፣ መስመር 484። የትሮዩ ጀግና ኤንያስ ከትሮይ ቃጠሎ ተርፎ ካርቴጅ ደርሷል፤ ለአማልክት ንግሥቷ ለዩኖ በሚሠራው ቤተ መቅደስ የገዛ አገሩን ጦርነት ተስሎ ያገኘዋል። ሥዕሉ ላይ የግሪኩ ጦረኛ አኪሌስ የገደለውን የትሮይ ልዑል ሄክቶርን በግንቡ ዙሪያ 3 ጊዜ ጎትቶታል፤ አሁን ደግሞ ሬሳውን በወርቅ ይሸጣል።

ግሪካዊው ገጣሚ ሆሜር ጋ እኮ ጉተታው እንዲህ አይደለም። በግጥሙ በኢሊያድ፣ መጽሐፍ 22 ላይ ከተማይቱን 3 ጊዜ የሚዞሯት በሩጫ ነው፤ ሄክቶር በሕይወት እያለ፣ አኪሌስ እያባረረው። ከሞተ በኋላ የሚጎተተው ወደ መርከቦቹ ነው። መጽሐፍ 24 ላይ 3 ጊዜ የሚዞረው ደግሞ ሄክቶር የገደለበትን የጓደኛውን የፓትሮክለስን መቃብር ነው። ሁለቱን ገጣሚዎች አከታትሎ ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ቁጥሯ አንድ ናታ! ከእያንዳንዱ ድርጊት ጎን የገጣሚውን ስም፣ መጽሐፉንና መስመሩን ጻፉ እያልኩ የምነዘንዛችሁ ለዚህ ነው። «ትሮይ ላይ እንዲህ ሆነ» የሚል ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ምንም አይጠቅምም። የአኪሌስ ብቸኛ ደካማ ቦታ የሚባለው ተረከዙም እንደዚያው፤ ኢሊያድ ውስጥ የለም። ስቲክስ ወንዝ ውስጥ መነከሩን የምናገኘው ሮማዊው ገጣሚ ስታቲየስ ጋ ነው፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን። ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዬ።

ሽያጭ። ቨርጂል ውሸት አልጻፈም፤ የሚያናድደው እሱ ነው። የሄክቶር አባት፣ የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም ሬሳውን ሊለምን ባዶ እጁን አልሄደም። ኢሊያድ 24፣ ከመስመር 229 ጀምሮ ሆሜር እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይቆጥራል፦ 12 ቀሚስ፣ 12 ካባ፣ 12 ምንጣፍ፣ 12 ነጭ ኩታ፣ 12 እጀ ጠባብ፣ 10 መክሊት ወርቅ፣ ባለ ሦስት እግር ድስት 2፣ ሰታቴ 4፣ ከዚያ የትራቄ ሰዎች የሰጡት አንድ ዋንጫ። መክሊት ስትሰሙ ደግሞ የኋለኛውን ዘመን 26 ኪሎ አምጥታችሁ «260 ኪሎ ወርቅ!» እንዳትሉ። መጽሐፍ 23 ላይ በሠረገላ ውድድሩ 3ኛ የወጣ ሰታቴ ይሸለማል፤ 4ኛ የወጣ 2 መክሊት ወርቅ። ከድስት በታች! የሆሜር መክሊት ትንሽ ነገር ናት።

ግን ቆይ፣ የአኪሌስ ድንኳን ውስጥ እንግባ። ሌሊት ነው። የአማልክት መልእክተኛው ሄርሜስ ጠባቂዎቹን አስተኝቶ ሽማግሌውን አስገብቶታል። አኪሌስ በልቶ ጨርሷል፣ ገበታው ገና አልተነሳም። ፕሪያም ጉልበቱን ያዘ፣ እጁን ሳመ። እጁን። እኛ «ጉልበትህን ስሜ» ስንል አፋችን ላይ ቀልሎናል፤ እዚህ የሚሳመው ብዙ ልጆቹን የገደለበት እጅ ነው። አባትህን አስብ ይለዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለሄክቶር፣ አንዱ አንዴ ለአባቱ አንዴ ለፓትሮክለስ። አኪሌስ ያነሳዋል፣ ተቀመጥ ይለዋል። ፕሪያም ልጄ ሳይቀበር ወድቆ አልቀመጥም፤ ያመጣሁትን ተቀበልና ልየው ይላል። እና አኪሌስ... ይቆጣል። አሁን አብረው ሲያለቅሱ አልነበር? አታስቆጣኝ፣ ለምነህም ቢሆን አልምርህ ይሆናል ነው የሚለው። እንደ አንበሳ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ ሬሳውን ራቅ አድርጋችሁ እጠቡት ይላል፤ አባትየው አይቶ በሐዘን ቢቆጣ እሱም ተቆጥቶ እንዳይገድለው። ከራሱ እጅ ነው የሚጠብቀው። ይሄን ምን ልበለው?

ፕሪያም ላመጣው ነገር የግሪኩ ቃል አፖይና ነው። በአማርኛ ቤዛ ካልኩ ስቅለት ይመጣብኛል። ዋጋ ካልኩ ቨርጂል አሸነፈ። ማስለቀቂያ ስል ትራፊክ የፈታው ታርጋ ይመስላል። ጉማ? ጉማማ ግሪኮቹም ጋ አለ፣ ፖይኔ ይሉታል፤ መጽሐፍ 9 ላይ ግሪካዊው ጀግና አያክስ፣ ሰው የወንድሙን፣ የልጁን ገዳይ እንኳ ካሳ ተቀብሎ ይተዋል እያለ አኪሌስን ይወቅሰዋል። ግን ጉማን ገዳይ ነው ለሟች ወገን የሚከፍለው። እዚህ የሟች አባት ለገዳይ ይከፍላል።

...የኤቲዮፒያውያኑን ንጉሥ ሜምኖንን ሳላነሳ እጨርሳለሁ ብላችሁ የተወራረዳችሁ ተበላችሁ። እዚያው የካርቴጁ ሥዕል ላይ፣ ኤኔይድ 1፣ መስመር 489፣ የጥቁሩ ሜምኖን መሣሪያ አለ። ታሪኩን የያዘው ኤቲዮፒስ የተባለው የግሪክ ግጥም 5 መጽሐፍ ነበር፤ ጠፍቶ ማጠቃለያውና ቁርጥራጩ ነው የቀረን። «ኤቲዮፒያውያን» ሲሉ የዛሬውን ካርታ እንዳልሆነ ተነጋግረናል፣ አልደግመውም። ገዳዩ ያው አኪሌስ ነው። የሜምኖን እናት የንጋት አምላክ ናት፤ የአማልክቱን ንጉሥ ዘውስን ለምና ዘላለማዊነት አሰጠችው። ለሜምኖን ድስት የቆጠረ የለም።

ቨርጂል። መጽሐፍ 2 ላይ የአኪሌስ ልጅ ፒሩስ የፕሪያምን ልጅ አባቱ ፊት ይገድላል። ሽማግሌው፣ አኪሌስ ለጠላቱ ለእኔ እንኳ እንዲህ አልነበረም ይላል፤ የሄክቶርን ሬሳ ለቀብር መለሰልኝ፣ ወደ ቤቴም ሰደደኝ። «መለሰልኝ»! መጽሐፍ 1 «ይሸጥ ነበር»፣ መጽሐፍ 2 «መለሰልኝ»፣ የአንድ ገጣሚ እጅ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ሲሞት ግጥሙን አርሞ አልጨረሰም የሚል ቀላል መልስ አለ፤ እኔን አያጠግበኝም። ምናልባት የመጀመሪያው የኤንያስ ዓይን ነው፣ ሁለተኛው የከፈለው ሰው አፍ። ግን መጽሐፍ 2ን ለካርቴጅ ንግሥት ለዲዶ የሚተርከው ራሱ ኤንያስ ነው። እሺ፣ ይሄም ፈረሰ።

ሆሜር ጋ ግን የአኪሌስ ጓዶች ከመጣው ልብስ 2 ኩታና 1 እጀ ጠባብ ሠረገላው ላይ ይተዋሉ፣ ሬሳው እንዲጠቀለልበት። ከ12 ኩታ 10 ቀረ፣ ከ12 እጀ ጠባብ 11። አኪሌስ በገዛ እጁ አንስቶ ቃሬዛው ላይ ያስተኛዋል። ወዲያው ደግሞ ፓትሮክለስን ይጠራል፦ አትቆጣኝ፣ የሰጠኝ የሚናቅ አይደለም፣ ድርሻህን እሰጥሃለሁ። ለሟች ሒሳብ ያቀርባል እኮ! ታዲያ እነዚያ 2 ኩታዎች ከማን ድርሻ ነው የተቀነሱት? ከእሱ ነው ወይስ ከፓትሮ... ቆይ፣ መስመር 580ን አንዴ እንደገና ልየው...