ደብተሩን ክደኑና ንገሩን

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ፈተና ሲቃረብ የኮንዶሚኒየሙ መብራት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይጠፋም። ልጆቻችን ይሸመድዳሉ። ትጋታቸው ያኮራኛል፤ የሚያጡት እንቅልፍ ግን ያንገበግበኛል።

ትውስታ አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ አይደለም። ይህን በደንብ ያሳየን ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ከሚጥል በሽታ እንዲድን ሲባል አንጎሉ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በግራም በቀኝም አብዛኛው ወጣ። በሽታው ቀለል አለለት፤ አዲስ ነገር መያዝ ግን አቃተው። አሁን ያወራውን ሰው ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ አያውቀውም። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲስል አደረጉት። ከቀን ወደ ቀን እጁ ተፍታታ። እሱ ግን ስዬ አላውቅም ባይ ነው! አፍ የሚናገረውና እጅ የሚያውቀው መንገዳቸው ለየቅል ነው ማለት ነው። በየቤታችንም አለ፤ የልጅ ልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት እንዝርት ሲይዙ ጣታቸው አይስትም።

አፍ የሚናገረውም ሁለት ነው። አንዱ የደረሰብን ነው፤ ሰርጉ ላይ ከማን ጋር ተቀመጥን የሚለው። ሌላው እውቀት ነው፤ ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. መሆኑን ማወቅ። ፈተና በአብዛኛው ይህንን ይጠይቃል። ስልክ ቁጥር እስክንደውል ድረስ የምንይዝበት ደግሞ ጠባብና ቶሎ የሚጠፋ ነው።

ታዲያ እውቀት እንዴት ይጸናል? በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት። ሌሎቹ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ከራሳቸው ያወጡት ናቸው። የሸመደደ ልጅ ማታ “ይዤዋለሁ” ብሎ ፈተናው ላይ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። የቆሎ ተማሪም፣ የመድረሳ ልጅም ትምህርቱን በቃሉ ለመምህሩ እያሰማ ነው የሚያጸናው። አባቶቻችን ቀድመው ያውቁታል።

ልጆቼ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ትናንት የተማራችሁትን ደብተር ሳትገልጡ ለራሳችሁ ተናገሩ። ማታ ተኙ። አንጎል ቀን የተቀበለውን የሚያደላድለው ተኝታችሁ ነው።

ወላጆች፣ ትምህርቱን ባታውቁትም ማገዝ ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ ልጃችሁን “ደብተሩን ክደንና በአማርኛ ንገረኝ” በሉት። መሀል ላይ ሲደናቀፍ አትቆጡት። ነገ የትኛውን ገጽ መልሶ እንደሚገልጥ ያኔ ራሱ ያውቃል።

አመሰግናለሁ።