ማሽላ ላይ የተወጠረው ፊልም

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ወዳጆች ተሰባስበን ያረጁ የቪዲዮ ካሴቶችን እየገለበጥን ወደምናቆይበት ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ሌሊት ተነስታችሁ ለመጣችሁ ልዩ ምስጋና አለን። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን ሽቅብ የወጣችሁ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። ጋቢ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠናል፤ እየወሰዳችሁ ልበሱ።

ባለፈው ጥቅምት እኔም ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ማሽላው ደርሷል። ማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ክር ተወጥሯል። ነፋስ ሲነካው ያፏጫል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ጠጋ ብዬ ሳየው የቪዲዮ ካሴት ክር ነው።

"አባባ፣ ይሄን ከየት አገኙት?" አልኳቸው የማሳውን ባለቤት።

"ከተማ ያለው ቪዲዮ ቤት ሲዘጋ አንድ ጆንያ ሰጡኝ።"

"ምን ፊልም ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ወፉን ግን ያባርርልኛል።"

እሳቸውን አልወቅስም። ማሽላው የልጆቻቸው ጉሮሮ ነው። ካሴቱን የጣልነው እኛ ነን። ያን ቀን ግን መንገዱን ሁሉ ያ ክር ከዓይኔ አልጠፋም። ምናልባት የሰው ሠርግ ነበር። ምናልባት በልጅነቴ አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ያየሁት የጠፈር መርከብ ነበር።

ይሄ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ በ1902 እ.ኤ.አ. ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ከዚያ ጀመረ ቢባል ብዙ ማጋነን የለውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የፈረንሳይ ጦር የሜልዬስን ፊልሞች በብዛት ወስዶ አቀለጣቸው። ከቀለጠው የጫማ ተረከዝ ተሠራበት። በ1923 ደግሞ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ የቀሩትን ዋና ቅጂዎች በገዛ እጁ አቃጠላቸው። እዚያ ለወታደር ጫማ፣ እዚህ ለወፍ ማባረሪያ።

የጨረቃው ፊልም ግን ዛሬም አለ። ለምን? ሌላ ቦታ ቅጂ ስለነበረ። በእጅ ቀለም የተቀባው ቅጂ በ1993 ባርሴሎና ውስጥ ተገኘ። ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ባለሙያዎች ምስል በምስል እየላጡ፣ ዓመታት ፈጅተው፣ በ2011 በካን ፌስቲቫል አሳዩት። ከዚያ በዲስክ ታተመ። ዛሬ ማንም ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

"ሜትሮፖሊስ" የተባለውንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፍሪትዝ ላንግ ሠርቶት በ1927 በርሊን ላይ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ቆራርጠው አሳጠሩት። የተቆረጠው ለ80 ዓመት ያህል ጠፍቶ ቀረ። በ2008 ወደ ሙሉው የቀረበ ቅጂ የት ቢገኝ ጥሩ ነው? አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ! ፊልሙ በአንድ ወቅት በአንድ የፊልም ተቺ እጅ ነበር። መንግሥት አላዘዘውም። ስለወደደው ብቻ ያዘው። ከዚያ የተገኘው ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ምስል በጭረት የተሞላ ነው፤ እያየሁት ግን ጭረቱን ረሳሁት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን የ"ዶክተር ሁ" ታሪክ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹ ያሳያቸውን የዚህን የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ ክፍሎች በኋላ ብዙዎቹን አጠፋቸው። ካሴቱ ውድ ስለነበር ደምስሶ ሌላ ይቀዳበታል። ከጠፉት ክፍሎች ውስጥ ዘጠኙ በ2013 ተመለሱ። የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ ነው። ለንደን የጣለችውን አፍሪካ አቆየችው ማለት ነው። ምስላቸው ላልተገኘው ደግሞ ድምፃቸው አለ፤ ሁሉም። ምክንያቱም የያኔዎቹ ልጆች የድምፅ መቅጃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደቅነው ይቀዱ ነበር። እንግዲህ ማነው ያቆየው? ባለሥልጣን ነው? ባለሙያ ነው? ወዳጅ ነው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ወዳጅ።

አንዳንድ ሰው "እዚህ ብርድ አገር ቁጭ ብላችሁ የጠፈር መርከብ ምን ያደርግላችኋል?" ይለናል። እኔ መልሴ አጭር ነው። ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ በታየ ብርሃን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን አይተው እዚህ ደብር ተከሉ፣ ከተሙም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሰማይን ቀና ብሎ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

መገልበጥም እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ሲያረጅ በሌላ ብራና እየገለበጡ፣ ከደብር ወደ ደብር እያስተላለፉ አቆዩት። የካሴት ነገርም ከዚህ አይለይም። ክሩ ያረጃል። መግነጢሱ ይደክማል። ማጫወቻው ራሱ እየጠፋ ነው፤ ፉናይ የተባለው የጃፓን ድርጅት የመጨረሻዎቹን የቪዲዮ ዴኮች ሠርቶ ያቆመው በ2016 ነው። ስለዚህ ሳይዘገይ ወደ አዲስ "ብራና" መገልበጥ አለበት።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። አምና በብዙ ድካም የገለበጥነውን ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ አስቀመጥነው። ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዲስኩ ተበላሸ። ለጥገና ወሰድነው፤ አልዳነም። ካሴቶቹን ለባለቤቶቻቸው መልሰን ስለነበር አንዳንዶቹን ዳግም ማግኘት አልቻልንም። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ካሴታችሁን አምናችሁ የሰጣችሁንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ማንኛውም ፊልም ሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ማኅበሩ ጋ፣ አንዱ ባለቤቱ ጋ፣ ሦስተኛው ከዚህ ከተማ ውጭ።

በተፈጥሮ የተሰጠን አንድ ጸጋ አለ፤ ብርዱ። ትልልቅ የፊልም ማከማቻዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ክፍላቸውን የሚያቀዘቅዙት ፊልም በቅዝቃዜ ዕድሜው ስለሚረዝም ነው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በነጻ አግኝተነዋል። ጠላታችን የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ነው። ካሴት መሬት ላይ አታስቀምጡ። ከምድጃ ጭስ አርቁት። እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ከድምፅ ማጉያም አርቁት፤ ማግኔት አለበት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ዴክ ውስጥ እንዳትከቱት። ዴኩንም ያበላሻል፣ ሻጋታውም ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይሄዳል።

የአገራችንን ፊልም በተመለከተ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" አንሱ። በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከ30 ዓመት በኋላ ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ ዳግም ታየ። ደስ ይላል። ግን በሰፈራችን ሰው በቪዲዮ የቀረጸውን ድራማ፣ የትምህርት ቤት ቴአትር፣ የጥምቀት በዓል ቦሎኛ አታድስልንም። እሱ የእኛ ድርሻ ነው።

ዘንድሮ ሁለት የሚሠሩ ዴኮች አሉን። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ስለዚህ ከምንም በላይ የምንፈልገው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መምጣት የምትችሉ በሻይ ሰዓት ስማችሁን ስጡን። ተማሪዎች፣ በተለይ እናንተ። ጎን ለጎን ፊልሙን ታዩታላችሁ።

ዛሬ ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁ በር ላይ አስመዝግቡ። በላዩ የተጻፈ ነገር ካለ አትፋቁት፤ የቪዲዮ ቤቱ ማኅተም ቢሆንም ይቆይ። የሻገተውን በፌስታል ለብቻው አድርጋችሁ ስጡን። የሸዋ ሮቢቶቹ አንድ ጆንያ ይዘው እንደመጡ ሰምቻለሁ፤ እሱን ከምሳ በፊት አብረን እንፈታዋለን።

ጉባኤው ተከፍቷል።