ለአንዷ ጀልባ ብቻ

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ከዚህ ከባሕር ዳር በጣና ላይ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል። በተራ ጀልባ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ነው። ኮንትራት ከያዛችሁ ግን አንድም ሁኑ ስምንት ዋጋው ያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጀልባ ባለቤቶች ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሒሳብ ፕሮግራም ጻፍኩ። «ጀልባ» የሚባል ክላስ ነበረው፤ ክላስ ማለት ጀልባዎቹ ሁሉ የሚሠሩበት ንድፍ ነው። «ሒሳብ» የሚለው ሜተዱ፣ ማለትም ጀልባዋ ስትጠየቅ የሚሠራው ትእዛዝ፣ የተሳፋሪውን ቁጥር በዋጋው ያባዛል። አንዷ ጀልባ ግን ኮንትራት ብቻ ነበር የምትሠራው። ለእሷ ብዬ ክላሱን ከምነካካ፣ ስትመዘገብ ለብቻዋ ሌላ ሜተድ ልስጣት አልኩ። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ማለት ነው። ፓይተን ይፈቅዳል፤ ሩቢና ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ። ጃቫ ግን ክላሱ ላይ ያልተጻፈ ሜተድ አያውቅም።

አዲሱን ሜተድ እንደ ፋንክሽን፣ ማለትም ስም እንዳለው የትእዛዝ ስብስብ፣ ጽፌ በእኩል ምልክት ኦብጀክቷ ላይ፣ ማለትም ከክላሱ በተሠራችው በዚያች አንድ ጀልባ ላይ፣ አስቀመጥኩት። ስጠራው «አንድ አርጉመንት ጎደለ» አለኝ፤ አርጉመንት ለፋንክሽን የሚሰጠው ግብዓት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ ልብ በሉልኝ። ክላስ ውስጥ የተጻፈን ፋንክሽን በኦብጀክት በኩል ስትጠሩት፣ ፓይተን ኦብጀክቱን ራሱን «ሰልፍ» የሚባለው የመጀመሪያ አርጉመንት አድርጎ ያቀብለዋል። በቀጥታ ኦብጀክቱ ላይ የተለጠፈ ግን ተራ ፋንክሽን ነው። የማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ታይፕስ ከሚባለው ሞጁል ሜተድታይፕን አምጥቼ ፋንክሽኑንና ጀልባዋን አንድ ላይ ሰጠሁት። ተሳሰሩ። ሠራ። ሌሎቹ ጀልባዎች ምንም አልሆኑም። በጣም ነው ደስ ያለኝ!

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፕሮግራሙ ተነሣና ጀልባዋን ከዳታቤዝ አነበበ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስሟና ዋጋዋ ነው። ሜተዷ የነበረው ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሆነ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ። የኮንትራቱ ዋጋ በስምንት ሰው ተባዝቶ ደንበኛው እጅ ገባ።

ባለቤቷ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። የጀልባን ክላስ ደጋግሜ አነበብኩ። አንድም ስህተት የለበትም። ጀልባዎቹን በሚመዘግበው ፋይል ውስጥ ሜተዱን የለጠፉትን ሁለት መስመሮች እስካገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። ያውም እኔው የጻፍኳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ከየት ብሎ ይጀምራል?

ያኔ «የኮንትራት ጀልባ» የሚል ክላስ ከ«ጀልባ» አስወርሼ ጻፍኩ፤ ሌላውን ሁሉ ከ«ጀልባ» ይወስዳል፣ ሒሳቡ ብቻ የራሱ ነው። የጀልባዋን ዓይነትም ዳታቤዙ ላይ መዘገብኩ።

ዘዴውን ግን አልተውኩትም። ፕሮግራም ስሞክር ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ለደንበኛ መልእክት የሚልከውን ሜተድ ለአንድ የሙከራ ጀልባ ብቻ እቀይረዋለሁ። አዲሱ ሜተድ ጽሑፉን ለእኔ ያስቀምጥልኛል እንጂ ለማንም አይልክም። ሙከራው ሲያልቅ ጀልባዋም ሜተዷም አብረው ይጠፋሉ። እዚያ ጋ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።